ከመብራት ማማው ማዶ የተቀዳ ውሃ

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት ጉልበትዎ በርትቶ፣ ዓይንዎ ጠርቶ፣ ከሰውም ከፈጣሪም ታርቀው ያግኝዎ። እኔ ደኅና ነኝ። በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም ስለ ብርድና ስለ ዝናብ ብቻ አውርተን እንደምንዘጋ ያውቁታል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ ልምጣብዎ ብያለሁ።

ለዘመድ ሁሉ «የባሕር ምርምር ላይ ነች» ብለው እንዳወሩልኝ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለእርስዎ ልንገርዎ። የምሠራው በአንዲት ጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ሳሎኗ ውስጥ ግድግዳ የሚያክል የመስታወት ገንዳ አለ፤ ስድስት መቶ ሊትር የባሕር ውሃ፣ ኮራል የሚሉት አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ፣ ሰባት ዓሣ። አንደኛው ዓሣ ቢጫ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቱ። ሟች ባሏ የገዛላት ነው፤ «ሽማግሌው» ትለዋለች። ገንዳውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። በቀረው ሰዓት ወለል እወለውላለሁ። እዚህ ዲግሪዬን ያየ ሰው የለም፤ መጥረጊያዬን ግን ሁሉም ያየዋል።

ስመጣ ሴትዮዋ ከፋብሪካ በባልዲ የሚመጣ የጨው ዱቄት በተጣራ ውሃ ትበጠብጥ ነበር። ባሕሩ ከቤቷ ሃያ ደቂቃ ነው! «ባሕር ዳር ተቀምጦ ባሕር በባልዲ መበጥበጥ ምን የሚሉት ነው?» አልኳት። ሳቀችና ፈቀደችልኝ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ከሹፌሩ ጋር በርሜል ጭነን እንሄዳለን። ሹፌሩን ሁላችንም «ቶሎ» እንለዋለን፤ በሕይወቱ ለምንም ነገር ፈጥኖ ስለማያውቅ ነው። «የባሕር ውሃ ነፃ ነው፤ ነፃ ነገር ደግሞ ምን እንደሚያስከፍል ቀድሞ አይናገርም» ይለኛል።

እኔ ግን ሥርዓት አለኝ። የምቀዳው ባሕሩ እየሞላ ሲመጣ ነው። ዝናብ ከጣለ አራት ቀን እጠብቃለሁ። ወንዝ ከሚገባበትና ጀልባ ከሚቆምበት ርቄ፣ ለመርከቦች ከሚያበራው የመብራት ማማ ማዶ ካለው አለት ላይ ነው። ብረት የነካው ዕቃ አላስጠጋም። ውሃው በተከደነ በርሜል ጨለማ ውስጥ ሰንብቶ ይጣራል፤ ጨዉ ይለካል፣ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም። ከዚያ ገንዳው አጠገብ ባለው ደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቀዳበትን ቦታ እጽፋለሁ። ይህን ልማድ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ልለምንዎት። እዚህ አንድ የመጠጥ ውሃ ላቦራቶሪ ሰው ይፈልጋል። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቁኛል። እርስዎ አሁንም እዚያው ነዎትና አስጽፈው ይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 11

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለዳኛዬ፣

እግርሽ የረገጠው ይለምልም፣ እጅሽ የነካው ይባረክ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። ዓይኔ ግን ይደርቅብኛል፤ ያን ጠብታ ብታገኚ ሰው ሲመጣ ላኪልኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓሣ ጠባቂ መሆንሽን ለማንም አልተነፈስኩም። ግን እኔ ዕድሜ ልኬን ውሃ ስመረምር ኖሬ ባሕር በዓይኔ አላየሁም፤ የገንዳውን ፎቶ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ የባሕሩ ውሃ ከፋብሪካው ጨው በምን እንደሚሻል አስረጂኝ። ጨው ጨው አይደለም እንዴ? ናሙናውንስ የምትቀጂው አንቺ ራስሽ ነሽ ወይስ ሹፌሩ? ይህን ነገር ለሰው አትተይ።

ስለ ማስረጃው፣ ጸሐፊዋ ወሊድ ላይ ናት። ስትመለስ እነግራታለሁ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ እስከዚያ እግዜር ያድርሰኝ እንጂ የምለው የለኝም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንደ አነጋገርዎ የተለሳለሰ ይሁን። የዓይን ጠብታውንና ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በስተቀኝ ጥግ ያለው ቢጫ ሽማግሌው ነው።

የፋብሪካው ጨው ሰው ቆጥሮ የከተተውን ብቻ ነው የያዘው። ባሕሩ ግን ማንም ያልቆጠረው ነገር አለበት፤ ለዓይን የማይታይ ሕያው ነገር፣ ለኮራሉ ምግብ የሚሆን። በሁለት ወር ኮራሉ የጣት ጫፍ ያህል አድጓል። ሴትዮዋ እንግዳ ሲመጣ እኔን ከኩሽና ጠርታ «ይቺ ናት» ማለት ጀምራለች። የተሞገስኩት እርጥብ መጥረጊያ እንደያዝኩ ቢሆንም አልጠላሁትም።

«ናሙናውን ለሰው አትተይ» ማለትዎ ግን አስገረመኝ። ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። የዛሬ ሦስት ዓመት «ሦስተኛው ጉድጓድ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ በእጄ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። የናሙና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። መረመርኩት፣ ንጹሕ ነበር፣ ፈረምኩ። በአሥረኛው ቀን የጉድጓዱ ሰፈር ሰው በሆድ ሕመም ወደቀ። ኮሚቴው «ሳትመረምሪ ነው የፈረምሽው» አለኝ። መርምሬያለሁ ብዬ ጮኽኩ። እርስዎ ከጎኔ ተቀምጠው «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። ተባረርኩ። ፋይሌ ላይ «የሐሰት ውጤት» ተብሎ ተጽፏል።

የታመመ ጉድጓድ ንጹሕ ውሃ አይሰጥም። ታዲያ ያ ጠርሙስ የት ተሞላ? በስልክ መጠየቅ አቅቶኝ ነበር። አሁን ጠየቅሁ።

ለቃለ መጠይቅ ጥር 28 ጠርተውኛል። ማስረጃው ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 15

ለዳኛዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጠብታው ደርሶኛል፣ ተባረኪ። ፎቶሽን ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሁሉም እየመጣ ያያል።

ማስረጃው አልሆነም። ጸሐፊዋ ተመልሳለች፤ አሁን ደግሞ የማኅተሙ ቁልፍ ኃላፊው ጋ ነው፣ ኃላፊው ስልጠና ላይ ነው። ስለ ሌላው የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልጄ። ዓሣዎችሽን ጠብቂ።

አክስትሽ


የካቲት 19

አክስቴ፣

ምርቃት ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ መራቂ አፍ እንደሌለኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። ይህን ደብዳቤ ለማንም አያንብቡት።

ጥር 28 የቃለ መጠይቁ ቀን ማክሰኞ ዋለ፤ የውሃ ቀኔ። ቀጠሮዬ አራት ሰዓት ነበር። ውሃውን ወደ ረቡዕ ማዞር እችል ነበር። ግን ለሴትዮዋ «አንድም ማክሰኞ አላሳለፍኩም» እያልኩ ስኩራራ ኖሬአለሁ። ከማማው ማዶ ድረስ ሄደን ብንቀዳ ይረፍድብኛል። ስለዚህ ቶሎን «እዚሁ አቁም» አልኩት፤ ጀልባ እየጎተቱ ሆዱን ቀለም ከሚቀቡበት አጠገብ።

ወረደና ውሃውን አየ። «እህቴ፣ ቀስተ ደመና ይታይሻል? ዘይት እኮ ነው።»

«ዘይት ላይ ይንሳፈፋል፤ እኔ የምቀዳው ከሥር ነው» አልኩት።

«አይ መማር!» አለኝ እየሳቀ። «ዓሣውም ይህንኑ ቢማር ጥሩ ነበር።»

ቀዳን። በርሜሉን ቤት አድርሰን ልብሴን ቀይሬ ሮጥኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ አንዲት ሴት በትሕትና «ማስረጃሽስ?» አለችኝ። «እየመጣ ነው» አልኳት። ሁለት ሳምንት እንጠብቅሻለን አሉኝ። አልመጣም፤ ቀኑም አለፈ።

በማግስቱ ውሃውን ሳላሰነብት ለካሁት። ሠላሳ አምስት፤ ልክ ነው። መለኪያው ስለ ጨው ተጠየቀ፣ ስለ ጨው መለሰ። ስለ ሌላው የጠየቀው የለም። ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። ደብተሩ ላይ ደግሞ እጄ እንደለመደው «ከመብራት ማማው ማዶ፣ በሙላት ሰዓት» ብሎ ጻፈ። «እጄ» አልኩ? እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ሐሙስ ጠዋት ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ረግፈው አሸዋው ላይ ተገልብጠው አገኘኋቸው። ከሰዓት ሽሪምፖቹ። ዓርብ ኮራሉ ተሸብሽቦ ገባ። በጀልባ ሆድ ላይ የሚቀቡት ቀለም ምንም ፍጥረት እንዳይጣበቅበት መዳብ አለበት፤ ይህን አውቃለሁ፣ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። የመዳብ መመርመሪያውን አውጥቼ ከገንዳው በቀዳሁት ናሙና ላይ ጠብታውን ጨመርኩ፤ ቀለሙ ወዲያው ተለወጠ። ያለኝን የተጣራ ውሃና የቀረውን የፋብሪካ ጨው በጥብጬ ግማሹን ቀየርኩ፤ አልደረሰም። ቅዳሜ ሽማግሌው በጎኑ ተኝቶ ሲተነፍስ ሴትዮዋ ከነነጭ ጋዋኗ ወለሉ ላይ ተንበርክካ መስታወቱን በጣቷ ትነካ ነበር። ትጠራው ነበር።

ሰኞ ቶሎንና እኔን ጠራችን። «በርሜሉን በሳሙና አጥበኸዋል» አለችው።

«በውሃ ብቻ ነው ያጠብኩት እመቤት። ግን ያን ቀን የቀዳነው ከጀልባዎቹ ጋ ነው።»

ደብተሩን ገለጠችና ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «እውነቱን ነው?»

አክስቴ፣ ያን ጊዜ የኮሚቴው ክፍል ትዝ አለኝ። ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ማንም ያልነካው የውሃ ብርጭቆ፣ የእርስዎ አንገት እንዴት እንደተደፋ። ሁሉም ትዝ እያለኝ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንደተጻፈው ነው» አልኩ።

«እሷ ጽፋለች» አለችው። «አንተ ምን ጽፈሃል?»

ቶሎ መጻፍ አይችልም። አልጮኸም። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ተይው እህቴ» ብሎኝ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ዓመት እርስዎን በልቤ ችሎት ሳቆም ኖሬአለሁ። «እኔ ብሆን» እል ነበር። ሆንኩ።

ነገ እነግራታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 8

ልጄ፣

ሰላም ልልሽ አፍራለሁ፤ ግን ሰላም ሁኚ።

ሦስት ወር ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ደብዳቤሽን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ነው የከረምኩት፤ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል።

ያን ጠርሙስ የሞላሁት እኔ ነኝ። የሞላሁት ከቢሮው ግቢ ቧንቧ ነው። ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተበላሽቶ መኪናው እምቢ ካለ፣ እንዲህ ማድረግ ለእኛ ክፍል ልማድ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረውም ያደርገው ነበር። «ባለፈው ወር ንጹሕ ነበር፣ አሁን ምን ያገኘዋል?» እንባባላለን። ወረቀቱን ለጥፌ ለአንቺ ሰጠሁሽ። እጅሽ ላይ ሳስቀምጠው «ቀዝቃዛ ነው፣ አሁን የመጣ ነው» ያልሽኝ አሁንም ይሰማኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማርኩሽ እኔ፣ በዚያው ጠርሙስ አሰርኩሽ።

ኮሚቴው ፊት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ፣ ጡረታዬ፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለው፣ ሁሉም ተሰልፎ ከፊቴ ቆመ። «እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ታገኛለች» አልኩ ለራሴ። ማስረጃሽንም ያልላክሁት ማኅተሙ ተቆልፎበት አይደለም። ፋይልሽ ከተገለጠ ነገሩ ይቀሰቀሳል ብዬ ነው።

ይኸው ሁሉንም በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ካስገባሁት ጡረታዬ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ስለዚህ አንቺ ወስኚ። አስገቢ ካልሽኝ መልሰሽ ላኪልኝና አስገባለሁ። ተይው ካልሽኝ ቅደጂው። የተበደልሽው አንቺ ነሽ፣ ፍርዱም ያንቺ ነው።

ምንም እንድትልኪልኝ አልፈልግም። መልስ ብቻ።

አክስትሽ


ሰኔ 3

አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ እኔም ራሴ ሰላም ሲርቀኝ አይቼዋለሁና።

«ነገ እነግራታለሁ» ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ነገ አልነገርኳትም። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በየጠዋቱ ባዶውን ገንዳ ስወለውል መስታወቱ ፊቴን ያሳየኛል። በመጨረሻ ቤት እስክትመጣ ብጠብቅ እንደምሸሽ ስላወቅሁ ክሊኒኳ ድረስ ሄድኩ። አንድ በሽተኛ አፉን በልቅጦ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። «የቀዳነው ከጀልባዎቹ ጋ ነው። ቶሎ እውነቱን ነው። ደብተሩ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። በሽተኛው ዓይኑን እያንከራተተ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል፤ መውጣትም አፉን መዝጋትም አይችልም፣ ምስኪን።

ጓንቷን አወለቀች። «ደብተሩን አምጪው» አለች። አመጣሁ። የዋሸሁትን መስመር አሰርዛ በእጄ እውነተኛውን ቦታ አስጻፈችኝ፤ አስፈረመችኝም። ከዚያ «ሂጂና ቶሎን ራስሽ አምጪልኝ» አለች።

ቶሎን ሲሚንቶ ሲያራግፍ አገኘሁት። ፊቱ ዱቄት ለብሶ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ጎን ልስበው ስል እምቢ አለ። «እዚሁ ንገሪኝ» አለኝ፣ ጓደኞቹ መሀል። ነገርኩት። «ጮክ ብለሽ ድገሚው።» ደገምኩት። አንዱ ሠራተኛ «ይቺ ናት የተማረችው?» አለ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ወደ ሥራው ለመመለስ አምስት ቀን አስጠበቀን። አሁን ጠዋት ሲገባ ሴትዮዋን ሰላም ይላታል፤ እኔን ግን እንደ ዕቃ ያልፈኛል። አልፈርድበትም።

ሴትዮዋ እስከ ወሩ መጨረሻ ገንዳውን አዲስ አድርጌ እንድሰጣት ነው ያቆየችኝ፤ ከዚያ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። የባሕር ውሃ ዳግመኛ እንዳይገባ ብላለች። ስለዚህ የፋብሪካውን ዱቄት እየመዘንኩ በተጣራ ውሃ እበጠብጣለሁ። የተፈጥሮው ውሃ ጥፋት የለበትም፤ አሁንም ከዱቄቱ እንደሚበልጥ እከራከራለሁ። ግን የባሕርን ውሃ የሚቀዳ ሰው ከየት እንደቀዳ ሊታመን ይገባል። ዱቄቱ ባልዲው ላይ የተጻፈው ነው፤ እኔን ማመን አያስፈልገውም።

ወደ ጉዳያችን ልምጣ። ወረቀትዎን አነበብኩ። አለቀስኩ፣ ልደብቅዎ አልችልም። ቀጥሎ ግን ተናደድኩ። «አንቺ ወስኚ» አሉኝ። አስገቡት ካልኩ ጡረታዎን የነጠቅሁት እኔ ልሆን ነው። ተዉት ካልኩ ነገሩን የቀበርኩት እኔ ልሆን ነው። በሁለቱም እርስዎ የሉበትም። ጠርሙሱን እንደገና ሞልተው የሌላ ሰው ስም ሊለጥፉበት ነው፤ ያውም የዚያኑ ሰው።

አልወስንልዎትም። ዳኛዬ ማለትዎንም ይተዉልኝ፤ ዳኛ ከሆንኩ መጀመሪያ የሚፈረድባት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን መልሼ ልኬልዎታለሁ። አልቀደድኩትም፣ አልፈረምኩበትም፣ ከሥሩም ምንም አልጻፍኩም። ቢሮው ከቤትዎ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 2

ልጄ፣

እግርሽ አይሰናከል፣ ቃልሽ አይታጠፍ።

ወረቀቱ እንደደረሰኝ አንድ ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስመላለስ ከረምኩ። ሰኞ ጠዋት፣ የሳምንቱ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም በተቀመጠበት ተነሣሁ። መነጽሬ ላብ ይዞት ፊደሉ ጠፋብኝ፤ ስለዚህ ሳላነብ በቃሌ ተናገርኩ። ቧንቧውን፣ ጠርሙሱን፣ ስምሽን።

ኃላፊው «ይህ ነገር ቢሮዬ መጥተው ለብቻ ቢነግሩኝ ይሻል ነበር» አለኝ።

«እሷን ያባረርናት ለብቻ አይደለም» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀብሎ ቀን ጻፈበት። ፋይልሽ ይታረማል፣ ማስረጃሽም ይጻፋል አለ። ስለ እኔ ኮሚቴ ይቀመጣል። በዚያው ጠረጴዛ መሆኑ ነው።

ስወጣ ጠርሙስ የምታጥበው ሴት ኮሪደሩ ላይ ተከተለችኝ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች «እትዬ፣ አይጨነቁ» አለችኝ። «ያን ዕለት መኪናው ከግቢ እንዳልወጣ እኮ ሁላችንም እናውቃለን።»

«ሁላችሁም?» አልኳት።

«ሁላችንም» አለች። «ከዘበኛው ጀምሮ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ «እንዴት አደሩ» ሲሉኝ፣ እኔ የሚያከብሩኝ መስሎኝ ነበር።

አክስትሽ